ሶሲዮሎጂ በሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመታት፦ የእንግሊዝና የህንድ ምዘና ንጽጽር

በኢትዮጵያ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይማራል፤ ሶሲዮሎጂን ግን ራሱን እንደቻለ ትምህርት አያገኘውም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የትምህርቱን ስም በቅጡ ያወቀው በዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲሞላ ነው። ትምህርቱ ቀደም ብሎ ቢጀመር መልካም እንደሆነ መናገር ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ሊመለስ የሚገባው ግን በምን ይመዘናል የሚለው ጥያቄ ነው።

በእንግሊዝ ሶሲዮሎጂ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ለ«ኤ ሌቭል» ከሚመርጧቸው ትምህርቶች አንዱ ነው። ኤኪውኤ የተባለው ፈታኝ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው መርሐ ትምህርት መሠረት ተማሪው በሁለቱ ዓመታት ማብቂያ ሦስት የጽሑፍ ፈተናዎችን ይወስዳል፤ እያንዳንዱ የ2 ሰዓት ሲሆን 80 ነጥብ ይይዛል። የመጀመሪያው ፈተና ዋና ርእስ ትምህርት ራሱ ነው። ተማሪው የተቀመጠበትን ክፍል እንዲመረምር ይጋበዛል፦ የሠራተኛው መደብ ልጆች ውጤት ስለምን ዝቅ ይላል? በመምህሩ «ደካማ» የተባለ ልጅ ስያሜውን እንዴት የራሱ ያደርገዋል? በዚህ ርእስ ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው ፖል ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጥናት 12 የሠራተኛ ልጆችን ከትምህርት ቤት እስከ ሥራ ተከትሏል። ወጣቶቹ ትምህርት ቤቱን መናቃቸው ራሱ ወደ አባቶቻቸው የጉልበት ሥራ እንደመራቸው አሳይቷል።

ዊሊስ እዚህ የደረሰው ከወጣቶቹ ጋር ውሎ ነው። የዛሬው ተፈታኝ ግን ግኝቱን ከስምና ከዓመተ ምሕረት ጋር ያጠናዋል። በዚሁ ፈተና አንድ የምርምር ዘዴ ለአንድ የትምህርት ጉዳይ ምን ያህል እንደሚስማማ የሚጠይቅ የ20 ነጥብ ጥያቄ አለ፤ አንድም ሰው ጠይቆ የማያውቅ ተማሪ የቃለ መጠይቅን ድክመት ዘርዝሮ ጥሩ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ቀደም ሲል ተማሪው ራሱ የሚያካሂደው ጥናት የምዘናው አካል የሚሆንበት አሠራር ነበር፤ አሁን የለም።

በህንድ ማዕከላዊ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቦርድ ሥር በሚሰጠው የ12ኛ ክፍል ሶሲዮሎጂ የጽሑፍ ፈተናው 80፣ የተማሪው ፕሮጀክት 20 ነጥብ ይይዛል። መማሪያ መጽሐፉ ካስትን፣ ጎሣንና ቤተሰብን ስለሚያነሣ ተማሪው ስለ ገዛ ቤቱ ማንበቡ አይቀርም። ፕሮጀክቱ ሊገለበጥ፣ ነጥቡም በልግስና ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው። ያም ሆኖ አቅራቢው የህንዱን መንገድ ይመርጣል፤ በወረቀት ፈተና ብቻ የሚመዘን ሶሲዮሎጂ ከዕለታዊ ግምት የሚለይበትን ነገር፣ ይኸውም ሄዶ ማጣራትን፣ ያጣልና።

ትምህርቱ ወደ እኛ ቢመጣ ለመነሻ የሰፈር ዕድር ይበቃል። ተማሪው የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ አንብቦ፣ አባልነቱ በባል ስም ነው ወይስ በሚስት፣ ቤት ተከራይ ይገባል ወይ፣ መዋጮ ያቋረጠ ሰው ምን ይደረጋል ብሎ ዳኛውንና ጸሐፊውን መጠየቅ ይችላል። ከዚያም ደንቡ የሚለውን ከሚሠራበት ጋር ያስተያያል። በመጀመሪያ ሊማረው የሚገባው ግን ፈቃድ መጠየቅንና የጎረቤትን ምስጢር መጠበቅን ነው፤ ያገኘው መረጃ ሰፈሩ ውስጥ የሚኖርን ሰው ሊያሳፍር ይችላልና። የመምህሩ ጊዜም መታሰብ አለበት፦ ብዙ ክፍል የያዘ መምህር የእያንዳንዱን ተማሪ ጥናት ሊያርም ስለማይችል፣ ሥራው በቡድን ተሠርቶ እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ድርሻው በቃል ቢጠየቅ ይሻላል።