የምስጠራ ላይብረሪ ስለ ማሸግ

ዳባት ላይ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አለ። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከቀበሌው ወጣ እያለ ይመዘግባል። እንዲህ ያለ መዝገብ በታብሌት ሲያዝ የሚጠብቀው ምስጠራ ነው። ምስጠራውን ግን የአቅራቢያው ከተማ የደባርቅ ፕሮግራመር ከራሱ አፍልቆ አይጽፈውም፤ ብዙ ዐይን የመረመረውን ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ይወስዳል። የዛሬው ትምህርት ያንን ላይብረሪ አሽጎ ለሌሎች ስለሚያቀርበው ሰው ነው።

አሻጊው ደራሲ አይደለም። ሥራው የቁም ጸሐፊን ይመስላል፤ ያልገባው መስመር ቢያጋጥመው መምህሩን ይጠይቃል እንጂ አይፍቅም።

የፋቀ ምን አመጣ ቢሉ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የደቢያን ሊኑክስ አሻጊ፣ ስህተት ፈላጊ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ የሰጠባቸውን ሁለት መስመሮች ኦፕንኤስኤስኤል ከተባለው የምስጠራ ላይብረሪ አወጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ጠይቆ ነበር፤ ሐሳቡን የደገፈ መልስም አግኝቷል። ከመስመሮቹ አንዱ ግን ቁልፍ ሲሠራ የማይገመተውን ነገር የሚቀላቅለው ነበር። እሱ ሲወጣ ቁልፉን የሚለያየው የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ እሱም ከ32,768 አይዘልም። ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ቁልፉም ደህና ይመስላል፤ የምስጠራ ክፋቱ ሲበላሽ አለመጮሁ ነው። ነገሩ የታወቀው በሜይ 2008 ነው። ፓኬጁን ማደስ አልበቃም፤ በመካከል የተሠሩት ቁልፎች ሁሉ መጣል ነበረባቸው።

እንግዲህ ማሸግ አይገባም ወይ? ይገባል እንጂ። የምስጠራ ተመራማሪው በርንስታይንና ባልደረቦቹ የጻፉት ኤንኤሲኤል የተባለ ላይብረሪ ጠንካራ ሆኖ ሳለ በየማሽኑ ለመጫን ያስቸግር ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ዴኒስ ሊብሶዲየም ብሎ በቀላሉ የሚጫን አደረገው። ብዙ ሰው ሊጠቀምበት የቻለው ከዚህ በኋላ ነው፤ በእኔ ግምት ይህ አዲስ ስሌት ከመፍጠር አያንስም።

ወደ እጃችን ሥራ እንምጣ። ኢንተርኔት ሲደክም የላይብረሪው ፋይል ከጎንደር በፍላሽ ይመጣል። ፋይሉ እንዳልተለወጠ የሚመሰክረው ሃሽም በዚያው ፍላሽ ከመጣ ምስክርነቱ ከንቱ ነው፤ ፋይሉን የለወጠ ሃሹን መለወጥ አያቅተውምና። የደራሲውን የሕዝብ ቁልፍ አስቀድማችሁ በሌላ መንገድ ያዙ፤ የፋይሉን ፊርማ በእሱ አረጋግጡ። ከዚያ ሶርሱን በንጹሕ ማሽን ላይ ኮምፓይል አድርጋችሁ አብረውት የመጡትን ፈተናዎች አስኬዱ። አንዱ ከወደቀ ፓኬጁ አይወጣም፤ «የኔ ማሽን ችግር ነው» ማለት አይሠራም። መስመር መለወጥ ግድ ቢሆን ለውጡን ለብቻው በፋይል አድርጋችሁ፣ ምክንያቱን ጽፋችሁ ለደራሲዎቹ ላኩ። መላሹ ለውጡን ራሱን ሳያይ፣ ስለ ለውጡ የነገራችሁትን ብቻ ሰምቶ ከፈቀደ፣ እንዳልፈቀደ ቁጠሩት።