ስለ ሠሪው የመሰከረ አሻንጉሊት

አሻንጉሊት የልጆች መጫወቻ ነው። ከጨርቅ ወይም ከእንጨት ይሠራል፤ ልጅ ካላነሣው አይነሣም፥ ካላስቀመጠውም አይቀመጥም። ዳሩ ግን ብልሃተኞች ሰዎች እንደ ሰዓት በሞላ ኀይል የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶችን ሠርተዋል። ከነዚህም አንዱ በአሜሪካ አገር፥ በፊላዴልፍያ ከተማ፥ ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት በሚባለው ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየም ማለት የቀድሞ ሰዎች የእጅ ሥራ ተጠብቆ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. አንድ የጭነት መኪና ወደዚህ ቤት መጥቶ የተሰባበረ የናስ መሣሪያ አወረደ። መሣሪያው ቀድሞ በአንድ ባለጠጋ ቤተ ሰብ እጅ ሳለ እሳት አግኝቶት ተበላሽቶ ነበር። በቤተ ሰቡ ዘንድ ይነገር የነበረው ወሬ፥ የሠራው በፈረንሳይ አገር ሜልዘል የሚባል ሰው ነው የሚል ነበር። የእውነተኛው ሠሪ ስም ግን ተረስቶ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን የተቃጠለ ብረት ነው ብሎ በጣለው ነበር። የሙዚየሙ ብረት ሠራተኛ ግን አልናቀውም። የጠመመውን አቀና፥ የተሰበረውን ጠገነ፥ የጐደለውን ተካ። ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ሞላውን አጠንክሮ በለቀቀው ጊዜ፥ ትንሽ ልጅ የሚመስለው አሻንጉሊት ራሱን አንቀሳቅሶ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰና መጻፍ ጀመረ። አራት ሥዕል ሣለ፤ ከነዚህም አንዱ መርከብ ነበር። ሦስት ግጥምም ጻፈ፤ ሁለቱ በፈረንሳይኛ፥ አንዱ በእንግሊዝኛ ነበሩ። በመጨረሻው ግጥም ዳር ላይም በፈረንሳይኛ፥ «በማያርዴ ተንቀሳቃሽ አሻንጉሊት የተጻፈ» ብሎ ጻፈ።

አንሪ ማያርዴ የስዊስ አገር ሰው ሲሆን በለንደን ከተማ ይሠራ ነበር። አሻንጉሊቱን የሠራው በ1800 ዓ.ም. ገደማ ነው። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ ሰዎች የረሱትን ስም የእጁ ሥራ መለሰለት። የሰው ወሬ ተሳሳተ፤ ሥራው ግን እውነቱን ተናገረ።

ይህስ እንዴት ሆነ? አሻንጉሊቱ ነፍስ የለውም፤ ፊደልም አልቈጠረም፤ የጻፈውንም ማንበብ አይችልም። ነገር ግን በውስጡ ዙሪያቸው ወጣ ገባ ሆኖ የተቈረጠ ክብ የናስ ሰሌዳዎች አሉ። ሞላው ሰሌዳዎቹን ሲያዞራቸው፥ ሦስት የብረት ጣቶች የሰሌዳዎቹን ጫፍ እየተከተሉ ይንቀሳቀሳሉ። አንዱ የአሻንጉሊቱን እጅ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይመራዋል፤ ሁለተኛው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፤ ሦስተኛው ወደ ላይና ወደ ታች። በዚህም ዐይነት ብዕሩ በወረቀቱ ላይ ሄዶ ፊደልን ይጽፋል። የሰሌዳው ጫፍ ያለ ልክ ቢቈረጥ ግን መስመሩ ይጣመማል፥ ፊደሉም ይበላሻል።

አሻንጉሊቱን ለማየት የሚመጣ ሰው የሚያደንቀው የልጁን ፊትና የሚጽፈውን እጅ ነው፤ የሰሌዳዎቹን ጫፍ ልብ ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። ማያርዴ ግን «ይህን ማን ያየዋል?» ብሎ ቸል አላለም። ስሙም የተጠበቀው ከሁሉ ይልቅ በማይታየው ክፍል ውስጥ ነበር። ችኵሎ አበላሽቶት ቢሆን ኖሮ፥ ያ ብረት ሠራተኛ የቱንም ያህል ቢደክም አሻንጉሊቱ ሊመሰክርለት ባልቻለ ነበር።

የተማሪም ነገር እንደዚሁ ነው። አንዳንድ ልጅ መምህሩ ሲያየው አሳምሮ ይጽፋል፤ መምህሩ ዘወር ሲል ግን ይቸኵላል፥ የባልንጀራውንም ጽሕፈት ይገለብጣል። በዚያ ቀን የሚያውቅበት ላይኖር ይችላል። ነገር ግን ካደገ በኋላ ደብዳቤ አንብብ፥ ሒሳብ ቍጠር በተባለ ጊዜ፥ በስውር የሠራው ሁሉ በግልጥ ይታይበታል። ማንም ሳያየው የተጋ ልጅ ደግሞ በዚያ ቀን ምስክር መፈለግ የለበትም፤ ሥራው ይበቃዋል።

ጥያቄ።
1. አሻንጉሊቱ ወደ ሙዚየሙ በመጣ ጊዜ ሠሪው ማን ነው ይባል ነበር?
2. እውነተኛው የሠሪው ስም በምን ታወቀ?
3. ማያርዴ ሰሌዳዎቹን በቸልታ ቈርጧቸው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?