ታድሶ በተገጠመ የትራክተር ሞተር ውሃ ስለ መጥፋቱ

የትራክተር ሞተር ተፈቶ ከታደሰ በኋላ ውሃው እየጎደለ ቢገኝ፥ በየጠዋቱ እየሞሉ መንዳት መድኃኒት አይሆንም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደሚባለው፥ ጥቂት መስሎ የታየው ጉድለት በእርሻ ወራት ሞተሩን ያጠፋል። ስለዚህ አስቀድሞ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ መመርመር ይገባል።

የሚፈሰው በውጭ ከሆነ በጎማ ቱቦዎቹ፥ በማሰሪያዎቻቸው፥ በራዲያተሩና በውሃ ፓምፑ ዙሪያ እርጥበት ይታያል፤ ይህ በቀላሉ ይጠገናል። በውስጥ ከሆነ ግን ውጪው ደረቅ ሳለ ውሃው ይጎድላል፤ ዘይቱ ወተት እንደ ገባበት ቡና ይነጣል፤ ወይም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነጭ ጭስ አይቋረጥም። ዘይቱ ከነጣ ሞተሩ አይነሣ፤ ውሃ የገባበት ዘይት ብረትን ከብረት ፍትጊያ አያድንምና።

የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ከቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ነው። መካኒኩ በአዲስ ይተካው፤ ሁለቱንም ገጾች አጽድቶ ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያ ጠማማነታቸውን ይመርምር፤ ብሎኖቹንም ከመካከል ወደ ዳር፥ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው፥ መለኪያ ባለው መፍቻ በፋብሪካው መጽሐፍ ልክ ያጥብቅ።

በ2,400 ሜትር ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና፥ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይይዝ ከሆነ በደጋ አገር ጉዳቱ ይፈጥናል። ሞተሩ እንደ ጋለ ግን ክዳኑ አይከፈት፥ ቀዝቃዛ ውሃም አይጨመር፤ እንፋሎቱ ሰውን ያቃጥላል፥ ብረቱም ሊሰነጠቅ ይችላልና።

ሹምም ሆነ የእርሻ ባለቤት ከጥገና የመጣውን ሞተር ሲረከብ፥ እስኪሞቅ አስነሥቶ፥ ከቀዘቀዘም በኋላ ውሃውንና ዘይቱን በዓይኑ አይቶ ይረከብ።