ስለ ቱርቦና ስለ አየር ቱቦው

አጎቴ ባለ ቱርቦ የናፍጣ መኪናቸው የእንጦጦን ዳገት ፈጥና እንድትወጣ ብለው፣ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የላስቲክ ቱቦ አስወልቀው የአሉሚኒየም አስገጠሙ። መኪናዪቱ ግን ጥቁር ጭስ እየተፋች ደከመች። ምክንያቱን ለማወቅ መካኒኩ ዘንድ አብሬአቸው ሄድሁ።

ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል፣ እንጦጦም ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦም ይህን ጉድለት ይሞላል። ላስቲክ በግፊት ይለጠጣል፣ አሉሚኒየም አይለጠጥም፤ ይህ እውነት ነው፤ ትርፉ ግን ጥቂት ነው።

መካኒኩ ቱቦውን አየር ሞልቶ መጋጠሚያውን የሳሙና ውሃ ቢቀባው አረፋ ወጣ፤ ለካ ማሰሪያው ላልቶ ኖሯል! የተጨመቀው አየር በዚያ ሲያመልጥ ናፍጣው በሙሉ ሳይቃጠል ጭስ ይሆናል። ማሰሪያው ሲጠብቅ ጭሱ ጠፋ፤ ጉልበቷ ግን ከቀድሞው እምብዛም አልበለጠም። አጎቴም የቱቦውን ዋጋ እስከ ዛሬ አልነገሩንም።