ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ የቀረን ዕቃ ማስመለስ፦ በካሊፎርኒያ ለሚነግዱ

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳናም ሆነ በኦክላንድ፣ ምግብ ቤት ወይም የባልትና ሱቅ ተከራይቶ ሲሠራ ኪራይ ተጠራቅሞበት በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚወጣ ሰው አለ። «ዕዳ እያለብኝ በምን ፊቴ ሄጄ እጠይቃለሁ» ብሎ የዓመታት ጥሪቱን ትቶ ይሄዳል። ሕጉ ግን ኪራዩንና ዕቃውን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። አከራዩ ዕቃዎን ለመመለስ የሚጠይቀው ተገቢውን የማስቀመጫ ወጪ ነው፤ ለውዝፍ ኪራዩ ሌላ መንገድ አለው።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ይቁጠሩ
የሸሪፉ የማስለቀቂያ ማስታወቂያ 5 ቀን ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ማውጣት የሚቻለውን ሁሉ ያውጡ። አከራዩ ቤቱን ከተረከበ በኋላ የማስቀመጫውን ወጪ ከፍሎ ዕቃን ለመውሰድ ያለው ጊዜ 15 ቀን ነው። ያለ ሸሪፍ በራስዎ ለቀው ከሆነ፣ አከራዩ የቀረውን ዕቃ ዘርዝሮ በጽሑፍ ሊያሳውቅዎ ይገባል፤ ማስታወቂያውን በእጅ ከሰጠዎ ቢያንስ 15፣ በፖስታ ከላከው ቢያንስ 18 ቀን ይኖርዎታል። ደብዳቤው የሚላከው በመጨረሻ በሚታወቀው አድራሻዎ ስለሆነ፣ አዲሱን አድራሻ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይስጡ። አከራዩ የሚያውቀው የሱቁን አድራሻ ብቻ ከሆነ ደብዳቤው እዚያው በተቆለፈው በር ሥር ይቀራል።

ደረጃ 2፦ ዝርዝር ያውጡ
«የወጥ ቤት ዕቃ» ማለት አይበቃም። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከነሞዴል ቁጥራቸው፣ አራት መሶብ ከነክዳናቸው፣ የቡና መፍጫ፣ ረከቦት ከነሲኒው ብለው ይጻፉ። ከአገር ቤት በሰው ያስመጡት መሶብ ደረሰኝ አይኖረውም፤ ደንበኞች ፎቶ ሲነሡ መሶቡ አብሮ የታየበትን ፎቶ ይፈልጉ። የተከራዩት ማሽን ካለ ለባለቤቱ ቶሎ ያሳውቁ።

ግድግዳ ላይ የተገጠመ ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። ለንግድ ብለው ያስገጠሙትን፣ ሕንፃውን ሳይጎዳ የሚነቀል ከሆነ፣ ማንሳት የሚፈቀደው በኪራይ ዘመኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሸሪፍ ጋ ሳይደርስ ያስቡበት።

ደረጃ 3፦ በጽሑፍ ይጠይቁ
ስልክ መደወል ብቻ ማስረጃ አይሆንም። በእንግሊዝኛ አጭር ደብዳቤ ጽፈው በኢሜልም በሪኮማንዴም ይላኩ፦ «በሱቁ ውስጥ የቀሩትን፣ ከዚህ ጋር የተዘረዘሩትን ዕቃዎቼን መውሰድ እፈልጋለሁ። የማስቀመጫ ወጪውን ከነዝርዝሩ አሳውቁኝ። በዚህ ቀን መኪና ይዤ እመጣለሁ።»

«መጀመሪያ ኪራዩን ክፈል» ከተባሉ ውልዎን ገልጠው ያንብቡ። ዕቃውን ለኪራዩ መያዣ የሚያደርግ አንቀጽ ካለበት በቀጥታ ወደ ጠበቃ ይሂዱ። ከሌለ የማስቀመጫውን ከፍለው ደረሰኝ ይቀበሉ።

ደረጃ 4፦ ሲወስዱ
የድሮው ቁልፍ ቢሠራ እንኳ ብቻዎን አይግቡ። ሸሪፍ ካስወጣዎ በኋላ ተመልሶ መግባት ወንጀል ነው። ምስክር ይዘው በቀጠሮ ይሂዱ፣ ቪዲዮ ይቅረጹ፣ የወሰዱት ዕቃ ዝርዝር ላይ እርስዎም አከራዩም ፈርሙበት።

ደረጃ 5፦ ቀኑ ካለፈ
አከራዩ የዕቃው ጠቅላላ የመሸጫ ዋጋ ከ2,500 ዶላር ወይም ከአንድ ወር ኪራይ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው፣ ያነሰ ነው ብሎ በበቂ ምክንያት ካመነ ለራሱ ሊያስቀረው ወይም ሊጥለው ይችላል። የወር ኪራዩ 6,000 ዶላር ከሆነ ያገለገለ የወጥ ቤት ዕቃ በሙሉ ከዚያ በታች ሊገመት ስለሚችል፣ ቀኑን ማሳለፍ የሚያስከፍለው ብዙ ነው። ዋጋው ከዚያ ካላነሰ በጋዜጣ አስነግሮ በሐራጅ መሸጥ አለበት፤ እርስዎም መጫረት ይችላሉ። ከወጪ የተረፈው ገንዘብ በ30 ቀን ውስጥ ለካውንቲው ግምጃ ቤት ይገባል፤ ከገባበት ቀን ጀምሮ በ1 ዓመት ውስጥ አመልክተው ይውሰዱት።

ቀኑ ሳያልፍ ጠይቀው ከከለከለዎ ወይም ዕቃውን ካጠፋው፣ በራስዎ ስም የሚነግዱ ከሆነ እስከ 12,500 ዶላር፣ ንግዱ ኮርፖሬሽን ወይም ኤልኤልሲ ከሆነ እስከ 6,250 ዶላር ድረስ በአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ መክሰስ ይችላሉ። የክሱ ጊዜ 3 ዓመት ነው፤ ደብዳቤው፣ ዝርዝሩና ፎቶው አብረው ይቅረቡ።