የጣና ዙሪያ አለቶች ምርመራና የዕድሜ አወሳሰን

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

1. መግቢያ

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ የሚጓዝ ሰው በየማሳው ዳር ተለቅሞ የተካበ ጥቁር ድንጋይ ያያል። ወደ ተራራው ሲወጣም እንዲሁ ጥቁር ድንጋይ ያገኛል። በዓይን ሲታዩ ሁለቱም ባዛልት ናቸው። በቤተ ሙከራ ሲመረመሩ ግን ዕድሜያቸው እጅግ የተራራቀ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ ልዩነት የአፈሩን ጥልቀትና ውሃ ወደ ምድር የሚሰርግበትን መንገድ ስለሚነካ፣ የውሃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ወይም ምንጭ ለማጎልበት ለሚያስብ ማኅበር ጠቃሚ ዕውቀት ነው።

የቤተ ሙከራ ውጤት ግን ከናሙናው ጥራት አይበልጥም። በመስክ የተሠራን ስሕተት መሣሪያው አያርመውም። ስለሆነም ከዚህ በታች የምርመራውን ዘዴዎች፣ በጣና አካባቢ የተገኘውን ውጤትና የናሙና አወሳሰድን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

2. አለቱ ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ

ሀ. በማይክሮስኮፕ። ድንጋዩ በመጋዝ ተቆርጦ በመስታወት ላይ ይለጠፍና ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ድረስ ይፋቃል። በዚህ ጊዜ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በውስጡ ያሉት ማዕድናት አንድ በአንድ ይለያሉ። አለቱ በአየርና በውሃ የተበላሸ መሆን አለመሆኑም ይታወቃል።

ለ. በኤክስሬይ ማዕድን መለየት። ድንጋዩ ወይም አፈሩ ተፈጭቶ ኤክስሬይ ሲያርፍበት እያንዳንዱ ማዕድን ጨረሩን በራሱ ማዕዘን ይመልሳል። ለምሳሌ ዋልካ አፈር ሲረጥብ እንዲያብጥ፣ ሲደርቅም እንዲሰነጠቅ የሚያደርገው የሸክላ ማዕድን በዚህ ዘዴ ይታወቃል።

ሐ. በኤክስሬይ ንጥረ ነገር መለካት። ይህ ዘዴ ሲሊካ፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም በመቶ ስንት እንደሆኑ ያሳያል። ባዛልት በመቶ ከ45 እስከ 52 ያህል ሲሊካ ሲኖረው፣ ነጣ ያለው ራዮላይት ወደ 70ና ከዚያ በላይ ይደርሳል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል፤ በድንጋይ ውስጥ የተለካ ፎስፎረስ ወይም ፖታሲየም ሁሉ ለሰብል የሚደርስ አይደለም። ስለዚህ ይህ ምርመራ የአፈር ለምነት ምርመራን አይተካም።

3. የአለቱን ዕድሜ ማወቅ

ሀ. በአርጎን። በአለት ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ ፖታሲየም 40 የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት በ1,250 ሚሊዮን ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ከሚቀንሰውም ከፊሉ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። አለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ከረጋ በኋላ ግን በውስጡ ይጠራቀማል። በመሆኑም ከፖታሲየሙ ጋር ሲነጻጸር የተጠራቀመው አርጎን በበዛ ቁጥር አለቱ ያረጀ ነው። በተሻሻለው ዘዴ ናሙናው በኑክሌር ማብላያ ውስጥ በኒውትሮን ከተመታ በኋላ ደረጃ በደረጃ ይሞቅና የሚወጣው ጋዝ ይለካል።

ለ. በዩራኒየምና በእርሳስ። ራዮላይትን በመሰሉ አለቶች ውስጥ ዚርኮን የሚባሉ ደቃቅ ጠጣር ማዕድናት ይገኛሉ። ዚርኮን ሲፈጠር ዩራኒየምን ይቀበላል፣ እርሳስን ግን እምብዛም አይቀበልም። ስለዚህ በኋላ የሚገኝበት እርሳስ ከሞላ ጎደል ከዩራኒየሙ የተለወጠ ነው። አለቱ ተፈጭቶ ዚርኮኑ በክብደቱ ከተለየ በኋላ በማይክሮስኮፕ እየታየ ይለቀማል።

ሐ. በካርቦን 14። ይህ ለአለት ሳይሆን ሕይወት ለነበረው ነገር፣ ማለትም ለእንጨት፣ ለከሰልና በሐይቅ ደለል ለተቀበረ የዕፅዋት ቅሪት ያገለግላል። በ5,730 ዓመት በግማሽ ስለሚቀንስ ከ50,000 ዓመት ያለፈውን አይለካም።

4. በጣና አካባቢ የተገኘው ውጤት

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በጣና ዙሪያ አራት የእሳተ ገሞራ ዘመናትን ለይቷል። በአርጎን ከተለኩት ባዛልቶች አንዱ 34 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኗል። በዚርኮን የተለኩት የራዮላይት ዓይነት አለቶች ከ31.1 እስከ 30.8 ሚሊዮን፣ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ባዛልቶች ደግሞ ከ28.9 እስከ 23.8 ሚሊዮን ዓመት ያህል ናቸው። በጥቂት ቦታ የሚገኝ ባለቀዳዳ ባዛልት ግን 33,000 ዓመት ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በአንድ አካባቢ ያሉ ሁለት ጥቁር ድንጋዮች በዕድሜ አንድ ሺህ እጥፍ ያህል ይበላለጣሉ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የሐይቁ ደለል ጥናት ደግሞ በካርቦን 14 እየተረዳ፣ ጣና በግምት ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመት በፊት በነበረው ጊዜ ደርቆ እንደነበር አመልክቷል።

5. ይህ ለማኅበራት ምን ይጠቅማል?

ከሐይቁ በስተደቡብ ያለው ወጣት ባዛልት ስንጥቅና ቀዳዳ ስለሚበዛው የዝናብ ውሃ ቶሎ ይሰርግበታል። ለባሕር ዳር ከተማ ውሃ ሲሰጡ የቆዩት የአረቄና የሎሚ ምንጮች ከዚህ ዓይነት አለት የሚወጡ ናቸው። ውሃን በፍጥነት የሚያሳልፍ አለት ግን ቆሻሻንም ያሳልፋል። ስለሆነም ከምንጭ በላይ ባለው ድንጋያማ መሬት ላይ መጸዳጃ ቤት መቆፈር፣ የፀረ ተባይ ዕቃ ማጠብና ማዳበሪያን ከመጠን በላይ መበተን አይገባም። በአሮጌው ባዛልት ላይ ግን ስንጥቁ ብዙ ጊዜ በሸክላ ስለሚደፈን የውሃው መጠን ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል።

ለአንድ ጉድጓድ ሲባል የዕድሜ ምርመራ ማዘዝ አያስፈልግም፤ ወጪው ከባድ ነው። የዕድሜ ምርመራ ውጤት ለሥነ ምድር ካርታ ሥራ ይውላል። ማኅበሩ ካርታውን ከወረዳው የውሃ ባለሙያ ጋር ቢመለከት ይበቃዋል። ዕድሜው ብቻውን ውሃ መኖሩን ስለማያረጋግጥ ከቁፋሮ በፊት የባለሙያ ጥናት መቅደም አለበት።

6. ናሙና ሲወሰድ

ሀ. ከካብ ወይም ከወንዝ ዳር የተነሣ ድንጋይ ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ አይወሰድም። ከመሬት ካልተነቀለ አለት ላይ መስበር ያስፈልጋል።
ለ. ቡናማው የላይ ቅርፊት በመዶሻ ተነሥቶ ያልተበላሸው ውስጡ ይወሰድ። ቀዳዳው በነጭ ማዕድን የተሞላ ድንጋይ ለዕድሜ ምርመራ አይመረጥም።
ሐ. የየቦታው ናሙና በየራሱ ከረጢት ይቀመጥ፤ ከቶ አይቀላቀል።
መ. የቦታው ስም፣ ቀኑ፣ የናሙናው ቁጥርና የወሰደው ሰው ስም በእርሳስ ተጽፎ በከረጢቱ ውስጥ ይግባ።
ሠ. ድንጋይ ሲሰበር የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረግ።

ማሳሰቢያ፦ ቁጥሩ የሚናገረው ስለተመረመረው ድንጋይ ብቻ ነው። በአንድ ቀበሌ የተገኘውን ውጤት ለጎረቤቱ ቀበሌ ከመጠቀም በፊት አለቱ አንድ ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።