እርሾ ከቡና በሽታ ጋር ምን አገናኘው?

ጊምቢ ያሉት አጎቴ አረንጓዴው የቡና ፍሬ ጠቁሮ ሲረግፍባቸው «ዝናቡ ነው» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። ዝናቡ ግን ያግዛል እንጂ ዋናው አጥፊ ኮሌቶትሪከም ካሃዌ የተባለ ፈንገስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ኬንያ ውስጥ፣ በ1971 ደግሞ በአገራችን ታወቀ።

ለመሆኑ አንድ ፈንገስ ሰብል የሚያጠቃው በየትኛው ጂን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? እዚህ ላይ የዳቦ እርሾ ይመጣል። ተመራማሪዎች ከተፈለገው ጂን ግራና ቀኝ ያሉትን የዲኤንኤ ቁርጥራጮች ይወስዳሉ፤ በጂኑ ቦታ ሌላ ምልክት የሚሆን ጂን ያዘጋጃሉ። ሁሉንም እርሾው ውስጥ ያስገባሉ። ጫፎቻቸው ስለሚመሳሰሉ እርሾው ራሱ ይገጣጥማቸዋል። የተገጣጠመው ወደ ፈንገሱ ሲመለስ ዋናውን ጂን ይተካል። ከዚያ በኋላ ፈንገሱ ማጥቃት ካቃተው፣ ያ ጂን ለበሽታው አስፈላጊ ነው ማለት ነው። በብዙ የሰብል ፈንገሶች ላይ እንዲህ ተሠርቷል።

ይህ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምን ያደርግልናል? በሽታውን የሚቋቋሙ የቡና ዝርያዎች ጅማ ላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተመርጠዋል። «ዝናቡ ነው» ብሎ የተቀመጠ ገበሬ ግን ዝርያ አይቀይርም። ጠላቱን በስሙ ጠርተን ለነቀምቴም ለጊምቢም ገበሬ በሚገባው ቋንቋ መንገር የእኛ ሥራ ነው። እኔ ከአጎቴ እጀምራለሁ።